የሚጢጢ ዓሳዎች

«ኧረ ትልቋ አይደለችም፣ ትንሿ ናት ዓሳዎቹን ያመጣችልኝ። ሚጢጢ! ልጅ ማለት እሷ ናት!» አለ አባቷ በር ላይ ቆሞ ለጎረቤታቸው ለነርሷ። ይህን ሲል ትልቋ ልጁ ከጀርባው ነበረች፤ ሳሎን ውስጥ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ የዓሳው ገንዳ ውስጥ ነክራ፣ መስታወቱ ላይ የተጋገረውን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በስፖንጅ እየፈገፈገች። ሰማች። እጇ ውሃው ውስጥ ባለበት ቆመ። ከዓሳዎቹ አንዱ፣ ጅራቱ እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚጎተተው፣ መጥቶ ጣቷን ሳም እንደ ማድረግ አለና ሄደ። ነርሷ «ታድለው ጋሼ!» ብላ ወደ ቤቷ ገባች፤ አባትየውም በሩን ዘግቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አንዳቸውም ልብ አላሏትም። እሷ ስፖንጁን ጨምቃ ባልዲው ውስጥ ወረወረችው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አላነሳችውም።

በቤት መጠሪያዋ እትዬ ነው። ሚጢጢ አፏን ስትፈታ እትዬ አለቻት፤ እናታቸው ስትሞት አባትየውም ተቀብሎ እትዬ ይላት ጀመር፤ አሁን አሁንማ እዚያው ፎቃቸው ሥር ወዳለው የምትሠራበት ላውንደሪ ቤት የሚመጡ ፀጉራቸው የሸበተ ደንበኞች ሳይቀሩ «እትዬ፣ ሸሚዜ ደረሰ?» ይሏታል። ሰው ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ የዓለሙ ሁሉ ታላቅ ሲደረግ ምን እንደሚሰማው የጠየቃት የለም። አባቷን ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የምታኖረው እሷ ናት። ካልሲውን የምታጥበው፣ መድኃኒቱን የምታስታውሰው፣ የረጅም መንገድ ሾፌር በነበረበት ዘመን ያመመውን ወገብ ማታ ማታ የምታሸው እሷ። ሚጢጢ ደግሞ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ የራሷን አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ብቅ የምትለው ሲመቻት ነው። ስትመጣ ግን ቤቱ ይታወካል፤ ትስቃለች፣ አባቷን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ትስማለች፣ ትሄዳለች። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ እትዬ በዚያ ቤት ውስጥ የቅርብ ጠበል ነበረች።

ዓሳዎቹን ያመጣችው ሚጢጢ ናት። «አባዬ ብቻውን ስለሚውል ጓደኛ ይሁኑት» ብላ፣ ትልቅ የመስታወት ገንዳ፣ ከነጠጠሩ፣ ከነፓምፑ፣ ከነመብራቱ። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ መስኮቱ ሥር ካለው ቡፌ በቀር ማስቀመጫ ቦታ አልተገኘለትም። ዓሳ ሻጩ ደግሞ «ፀሐይ እንዳያገኘው፤ ፀሐይ ካገኘው አልጌ ይወርሰዋል» ብሎ ስላስጠነቀቀ፣ ሚጢጢ ወፍራም ቡናማ መጋረጃ ሰቀለች፤ ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ ቀንም ማታም አንድ ዓይነት ሆነ። የገንዳዋ ትንሽ መብራት ብቻ ጥግ ላይ ትብለጨለጫለች። እንዲያም ሆኖ አረንጓዴው አልቀረም፤ በየሳምንቱ ይጋገራል፣ በየሳምንቱ ትፈገፍገዋለች። አባቷ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ «እንዴት አደራችሁ» የሚለው ዓሳዎቹን ነው። እትዬን የሚላት ቁርስ ስታቀርብ ነው። ሰው በዓሳ ይቀናል? እትዬ ቀናች። ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ ካውያዋን ይዛ ቆማ በእነዚያ አፋቸውን ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ ሥራ በሌላቸው ፍጥረታት አንጀቷ ያረረባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

እና «ልጅ ማለት እሷ ናት» የተባለ ማግስት ጠዋት፣ አባቷ ሳይነሳ፣ መጋረጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፈተችው። ያን ያህል ነው። መርዝ አልጨመረች፣ ፓምፕ አልነቀለች፤ መጋረጃ ከፈተች። ለኅሊናዋም «ቤቱ ብርሃን ያግኝ ብዬ ነው» አለችው፤ ኅሊናም መታለል ሲፈልግ አያስቸግርም። ሚጢጢ በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ሰነበተች፤ እትዬ ግን ማታ የምትዘጋውን መጋረጃ በየማለዳው ከፈተች፤ ፀሐይዋም እየመጣች ሥራዋን ሠራች። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ወጣ። ቀጥሎ ጠጠሮቹ ፀጉር አበቀሉ። በመጨረሻ ውሃው ራሱ ተለወጠ፤ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መስሎ፣ ዓሳዎቹ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ የሚሉ ቀያይ ጥላዎች ሆኑ።

ሚጢጢ የተመለሰችው ቅዳሜ ነው። ሌሊቱን በመኪና ደርሳ፣ ጠዋት «እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ» ብላ ደወለች፤ ለአባቷ ነው የደወለችው። እትዬ ወጥ ቤት ሆና የአባቷን ድምፅ እንደ ሬዲዮ አዳመጠች፤ «እሺ ልጄ፣ እሺ የኔ ሚጢጢ» እያለ ይቀልጣል። ወደ ሳሎን ስትገባ ዓሳዎቹ ሁሉም አናት አናቱን ይዘው፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ ደቅነው አየር ይጎርሳሉ። መጋረጃውን ያዘች። አሁን ብትዘጋው ማንም አያውቅም፤ «ውሃው እንዲሁ ተበላሸ» ብላ ትገላገላለች። አባቷ ግን ወንበሩን እንደ ሰሞኑ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። «ያቺ ስለምትመጣ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ጌጥ፤ ለኔ ብሎ ተላጭቶ አያውቅም» አለች ለራሷ። መጋረጃውን ለቀቀችው። እንዲያውም ጥግ ላይ የተሰበሰበውን ጨርቅ በደንብ ገፋ አደረገችው፤ ፀሐይዋ ገንዳው ውስጥ ጥልቅ አለች።

ሰሞኑን አባቷ ተለውጧል፤ ይህም ሌላ እሳት ሆኖባታል። ድሮ ሙሉ ቀን ሲያንቀላፋ የሚውለው ሰውዬ አሁን ያንጎራጉራል፤ ወንበሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ገንዳው ይገፋል፤ ምሳውን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ውሃው እንዲያ ሸትቶ፣ አረንጓዴ ሆኖ እንኳ ዓሳዎቹን መጥላት አልቻለም! «የሷ ስለሆነ ነዋ» አለች በሆዷ። «እኔ ባመጣው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ተወርውሮ ይወጣ ነበር።»

ላውንደሪ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይበዛበታል፤ የሳምንቱ ሸሚዝ ሁሉ ለሰኞ ይተኮሳል። እትዬ ኮሌታ በኮሌታ ላይ ትደረድራለች፣ እንፋሎቱ ፊቷን ያጥባታል፤ ነገር ግን ዛሬ ካውያው ራሱ የሚታዘዛት አልመስል አለ፤ አንዱን እጅጌ ሁለቴ አጨማደደችው። ባለላውንደሪዋ፣ ወሬ ከሳሙና ይልቅ የምትወድ ወፍራም ሴትዮ፣ ከመቀበያው ጀርባ ሆና «እህትሽ ዛሬ ትመጣለች አሉ?» አለቻት። ማን እንደነገራት እንጃ። «እንዴት ያለች ልጅ መሰለችሽ! ባለፈው በዚህ ስታልፍ ገብታ አቅፋ ሳመችኝ። አንቺ ግን ሰው አታቅፊም፣ ምነው?» እትዬ «እጄ ሁሌ ካውያ ይይዛል፣ በየትኛው እጄ ልቀፍ?» ልትል ፈለገችና ተወችው። ሸሚዙን አጥፋ ሌላ አነሳች፤ ኮሌታው ላይ ሌላ ሰው ልብ የማይለው የላብ እድፍ ነበረ፤ እሷ ገና ከመስቀያው ላይ እያለ ታይቷታል። ለእድፍ ዓይን አላት ይሏታል ሁሉም። ይህን ብቻ ነው የሚያመሰግኑላት።

ግማሽ ቀኗን ጨርሳ ስትወጣ እግሯ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ዓሳ ሻጩ ወሰዳት። ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም፤ ያ ጠዋት ጠዋት አየር የሚጎርሰው አፍ ነው ከፊቷ አልጠፋ ያላት። የሚጢጢ ገንዳ እንዲበላሽባት ፈልጋለች፤ ዓሳዎቹ እንዲሞቱ ግን አልፈለገችም፤ ወይም መፈለግ አለመፈለጓን ደፍራ አልጠየቀችም። ሱቁ ጠባብና እርጥብ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ ገንዳ፣ ገንዳው በሙሉ የጠራ ውሃ፣ እያንዳንዱ ዓሳ ተቆጥሮ የሚታይ። የሷን ገንዳ አስታውሳ አፈረች።

«ውሃው አረንጓዴ ሆነብን» አለችው።

ሰውዬው እጁን በጨርቅ እያበሰ ቀረበ። «መስታወቱ ላይ ነው ወይስ ውሃው ራሱ?»

«ውሃው ራሱ። ወለሉ አይታይም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ።»

«አይ! እንግዲህ አልጌው በዝቷል ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት ከዓሳዎቹ ጋር አየር ይሻማል። ቶሎ ካልደረሳችሁላቸው አንድ ቀን ጠዋት ተንሳፍፈው ታገኟቸዋላችሁ።» ከዚያ የሚደረገውን ነገራት፤ ምግብ ለጥቂት ቀን መከልከል፣ ከውሃው ሲሶውን ቀድቶ አውጥቶ በሰነበተ የቧንቧ ውሃ መተካት፣ መብራቱን አጥፍቶ ገንዳውን በጥቁር ጨርቅ መሸፈን። «ዋናው ግን ፀሐይ ነው። መጋረጃ ዝጉ ብዬ ነግሬያት ነበር እኮ ለልጅቷ። ማን ነው የከፈተው?»

«አባቴ ናቸው» አለች እትዬ።

አፏ ነው የተናገረው። እሷ የሰማችው እንደ ሌላ ሰው ነው። ሰውዬው «ሽማግሌ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። መንገድ ላይ ሁሉ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ያቺን ሁለት ቃል መልሳ ልትውጣት ሞከረች፤ አልዋጥ አለቻት።

ደረጃውን ስትወጣ የሚጢጢን ሳቅ ጠበቀች፤ ሳቅ የለም። ጫማዋ ግን በር ላይ አለ፤ ቀይ፣ ባለ ተረከዝ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ። እትዬ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ሥራ በዛብኝ፣ አልመቸኝም፣ እኔ የዓሳ ዘበኛ አይደለሁም፣ ከፈለግሽ አጠገብሽ አስቀምጪው። ሁሉንም ደረጃው ላይ እየደጋገመች፣ የቱን እንደምትተኩስ እየመረጠች ገባች። ሚጢጢ ገንዳው ፊት ተንበርክካለች፤ መስታወቱን በጣቷ ጠርጋ በጠረገችው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ታያለች። ዞር ስትል ዓይኗ እንባ አዝሏል። እትዬ ተዘጋጀች።

«ይቅርታ እትዬ» አለች ሚጢጢ። «በስንቱ ሥራሽ ላይ ይሄንንም ጣልኩብሽ፣ አይደል? ስትፈገፍጊ ክንድሽ ደክሞ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ይኸው ነው እንግዲህ የሚያቃጥላት! ብትቆጣ እኮ እትዬ ትቆጣለች፤ ብትሰድባት ትሰድባለች፤ ለዚህ ለደግነቷ ነው መልስ የማይገኝለት። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ሳህን ሰብራ እንኳ «ይቅርታ» ስትል ሳህኑ ተረስቶ እሷ ትታቀፋለች። እትዬ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። ሚጢጢ እጅጌዋን እየሰበሰበች ተነሳች፤ «ግድ የለም፣ ዛሬ አብረን እናጸዳዋለን፤ መጀመሪያ ግን ይቺን ፀሐይ» ብላ ወደ መጋረጃው እጇን ዘረጋች።

«ተይው!» አለ አባታቸው።

ሁለቱም ደነገጡ። ሽማግሌው እንዲህ ባለ ድምፅ ከተናገረ ዘመናት አልፈዋል፤ የጭነት መኪና ረዳቱን ከጎማ ሥር የሚጠራበት ድምፅ ነው። ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል፤ አንድ እጁ ፀሐይዋ ላይ ተዘርግቷል፤ ሚጢጢ ልትወስድበት ይመስል።

«አባዬ፣ ዓሳዎቹ እኮ ይሞታሉ። ፀሐይዋ ናት ውሃውን ያበላሸችው።»

«ቁጭ በይ» አላት። ራሱም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየና፣ «አልነግራችሁም ነበር» አለ። «ዓይኔ ሄዷል። ሞራ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ጭጋግ ነው። መንገድ ላይ ጭጋግ ቢመጣብህ መብራት አብርተህ፣ ክላክስ እየነፋህ ታልፈዋለህ፤ ይሄ ግን ከዓይን ውስጥ ነው፣ በምን ያልፉታል? ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ የኖረ ሾፌር አይታየኝም ብሎ ለልጆቹ እንዴት ይናገራል? ዝም አልኩ። ይሄ መጋረጃ ሲሰቀል ደግሞ ቤቱ ጉድጓድ ሆነብኝ። ማንኪያዬን በዳበሳ ነው የማገኘው። እንዳልናገር፣ አንቺ ልጄ በስንት ደስታ ያመጣሽውን ነገር ውሰጂልኝ ልበልሽ? ዝም አልኩ።» ፊቱን እትዬ ወደምትገኝበት አቅጣጫ አዞረ፤ ትንሽ ስቶ፣ ከበሩ ይልቅ ወደ ግድግዳው። «እትዬ ግን ገባት። ምንም ሳልላት። አንድ ቀን ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ መጋረጃው ተከፍቷል፤ ፀሐይ ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብላለች። እጄን አየሁት፤ እጄን! ጣቶቼን ቆጠርኳቸው እንደ ሕፃን። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እኔ ሳልነሳ ትከፍትልኛለች፤ አንድም ቀን ይሄን አደረግሁልህ አላለችኝም። ከእናታችሁ ወዲህ ሆዴን ሳልናገር ያወቀልኝ ሰው እሷ ናት።»

ፓምፑ ብቻ ይንቦቀቦቃል። እትዬ የቦርሳዋን ማንገቻ እንደ ጨበጠች ቀረች። ይህን ስንት ዘመን ጠብቃለች! በልጅነቷ፣ በወጣትነቷ፣ ማታ ማታ ወገቡን እያሸች፣ አንዴ እንኳ፣ ማንም በማይሰማበት እንኳ፣ እንዲላት የፈለገችው ይህንን ነው። አሁን አላት፤ በሚጢጢ ፊት፣ ቃል በቃል። ምስጋናው የተከፈላት ግን እሷ ላላሰበችው ደግነት ነው። ከዚያ ሁሉ ካልሲና መድኃኒት መካከል አባቷ ልብ ብሎ ያየላት አንዲት ነገር ክፋቷ ሆነች። ከዚህም የከፋ ነገር ነበረ፤ የላብ እድፍ ከመስቀያ ላይ የምታየው ሴት፣ አብሯት በሚኖረው፣ በየቀኑ በምታበላው ሰው ዓይን ላይ የወረደውን ጭጋግ አላየችም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሲገፋ ዓሳ ፍለጋ መስሏት ተቃጠለች። ጺሙን አሁን አሁን አሳምሮ መላጨት የቻለው በፀሐይዋ እንደሆነም አልጠረጠረችም።

«ዓሳዎቹስ?» አለች ሚጢጢ፤ ድምጿ የጎረምሳ ድምፅ ሆኖ ተሰነጠቀ። «ዓሳዎቹን አትወዳቸውም?»

«ኧረ እወዳቸዋለሁ!» አለ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ውሸቱ ሰለቸው መሰለኝ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ አይቻቸው አላውቅም። አንዳንዴ ቀይ ነገር ውል ይልብኛል። ድምፃቸውን ነው… የዚህን የሞተሩን ድምፅ ነው የምሰማው። አንቺ ያመጣሽው ነው እያልኩ እንዴት አደራችሁ እላቸዋለሁ።»

ያኔ እትዬ የእህቷን ፊት አየች። ከንፈሯ ጠበብ፣ አፍንጫዋ ነፋ አለ፤ ዓይኗ ከአባቷ ወደ እትዬ፣ ከእትዬ ወደ ተከፈተው መጋረጃ ተመላለሰ። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ከየትም አይደለም የምታውቀው፤ ፀጉሯን ስታበጥር በየቀኑ ከመስታወት ውስጥ የሚያያት ፊት ነው። ሚጢጢም መቅናት ትችላለች ለካ! ትንሽ ደስ አላት፤ አልዋሽም፣ ደስ አላት። ሚጢጢ አለቀሰች። አባቷ በዳበሳ ራሷን አግኝቶ ይደባብሳት ጀመር፤ በዚያች ቅጽበት፣ ድሉ ገና በእጇ ሳለ፣ እትዬ ያንን እጅ አይታ እንደገና ቀናች። የማይጠግብ ነገር ነው።

ሲረጋጉ የተወሰነው በአጭሩ ነው። ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ እምቢ ቢል እንኳ ተሸክመው። ዓሳዎቹ ደግሞ ወደ ሚጢጢ ቤት። «የኔ ክፍል መስኮት እንኳ የለውም» አለች ሚጢጢ አፍንጫዋን እየጠረገች፤ «ለነሱ ይሻላቸዋል። ለሰው ነው እንጂ የማይሆን።» እህትማማቾቹ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ውሃውን በጣሳ ቀነሱ። እትዬ ከዓሳ ሻጩ የሰማችውን አልተናገረችም፤ በእጇ ግን አደረገችው፤ ልብስ በማለስለሻ ልትዘፈዝፍበት ከትናንት ጀምሮ አጠራቅማው ከነበረው ውሃ ገና ምንም ያልነካውን ባልዲ አቀረበች። የወጥ ቤቱን ወንፊት ይዛ አረንጓዴው ውስጥ ስትዳብስ፣ ያ ጅራተ ረጅሙ ራሱ መጥቶ ገባላት። ሁሉም በሕይወት ነበሩ። የጠራው ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንደ አዲስ ቀሉ፤ ሚጢጢ «እዪያቸው!» አለች ሳታስበው፤ ከዚያ አባቷን አየችና ዝም አለች። ገንዳውን ነገ በመኪና እንድትወስደው ተስማሙ።

ባልዲውን አንዱን ጎን አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ ይዘው ደረጃውን ወረዱ። መሐል ላይ፣ ደረጃው በሚዞርበት ቦታ፣ ሚጢጢ ቆመች።

«እንዴት አወቅሽ?» አለች። «እኔ ስመጣ ስንቴ ፊቱን ፊቴ ላይ አድርጎ አውርቶኛል። አላወቅኩም። አንቺ በምን አወቅሽ?»

ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «አብሮ መኖር ነዋ» ብትል፣ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ድል ነበር፤ ሚጢጢ ሽንፈቱን ወደ መስኮት አልባ ክፍሏ ይዛ ትሄድ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከባልዲው ውስጥ አንዱ ዓሳ ተንቦጫርቆ እጇን ረጨው።

«አላወቅኩም» አለች እትዬ። «መጋረጃውን የከፈትኩት ዓሳሽ እንዲበላሽ ብዬ ነው። ያንቺ ስለሆነ።»

ሚጢጢ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አልጮኸችም፤ «ይቅርታ» አላለችም፤ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ እትዬ አይታው የማታውቀው ነገር ነበረ፤ ትንሽነቷ ሁሉ ከላይዋ ላይ ተገፎ፣ እኩያዋ የሆነች ሴት ቆማለች። የባልዲውን እጀታ ከእትዬ እጅ አላቀቀች። ከባድ ነው፤ ወደ አንድ ጎን አዘነበላት።

«ለሱ እንዳትነግሪው» አለች። ይህን ብቻ ብላ ወረደች።

እትዬ ስትመለስ አባቷ ያ ግማሹ የጎደለ ገንዳ አጠገብ፣ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ግንባሩን የመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፎ። «ሄደች?» አለ። «ሄደች» አለችው። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። «እስቲ ንገሪኝ፤ እኔ ብርሃን ብቻ ነው የሚታየኝ።» ጎኑ ቆማ ወደ ታች አየች። መንገዱ በቅዳሜ ሰው ተሞልቷል። «ታክሲ እየጠበቀች ነው» አለችው። «ባልዲውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ውሃው ቀሚሷን ነካው። አንድ ታክሲ አለፋት፤ ሞልቷል።»

«ወደኛ አየች?»

«አላየችም።»

«ከፍቷታል ማለት ነው» አለ ሽማግሌው፤ ግንባሩን ከመስታወቱ ላይ አነሳ። ሊሄድ ሲል እትዬ ክንዱን ያዘችው። ገንዳው ላይ ተንጠራርታ፣ ሆዷ እርጥቡ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ የመስኮቱን መዝጊያ ገፋ አድርጋ ከፈተችው፤ ጫጫታውና አቧራው ተግተልትሎ ገባ። ራሷን አወጣች። ሰው አታቅፍም፣ ጮኻም አታውቅም፤ ድምጿ ግን የአባቷ ኖሯል ለካ።

«ሚጢጢ!»

መንገደኛው ሁሉ ቀና አለ፤ ሎተሪ አዟሪው፣ ባለ ጋሪው፣ ከታች ከላውንደሪው በራፍ ወሬ ያሸተተችው ሴትዮ ጭምር። እሷ ብቻ ጀርባዋን እንደሰጠች ቀረች። እትዬ ደረቷን ሞልታ ደገመችው፤ «ሚጢጢ! አንቺ ሚጢጢ!»

«አሁንስ?» አለ አባቷ ከኋላዋ፣ ቀሚሷን ይዞ።

«አሁን ዞረች» አለችው። «እያየችን ነው። እጇን ልታነሳ ፈለገች፣ ባልዲው ያዛት… ቆይ… ልታስቀምጠው ነው። መሬት አስቀመጠችው፣ አባዬ። እያውለበለበች ነው። በሁለት እጇ።»